የእንስት እንሽላሊት ጌጥ ከየት መጣ?

አውራ ዶሮ በሚያብረቀርቅ የጅራት ላባው ከሴቷ ዶሮ ይልቅ ደምቆ እንደሚታይ ሁላችንም እናውቃለን። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ልዩነት «ጾታዊ ምርጫ» በሚል ጽንሰ ሐሳብ አብራርቶታል፤ በእንስቶች የሚመረጡ ወይም ተቀናቃኞቻቸውን የሚያሸንፉ ወንዶች ብዙ ዘር ስለሚተኩ ጌጣቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጎላ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ጌጡ የሚታየው በእንስቷ ላይ ሲሆንስ?

ለረጅም ጊዜ ሚዛን ደፍቶ የቆየው መልስ፣ ሁለቱ ጾታዎች አብዛኛውን ጂን ስለሚጋሩ የእንስቷ ጌጥ ለወንዱ የተበጀው ባሕርይ በውርስ የደረሳት እንጂ ለራሷ ፋይዳ ያለው አይደለም የሚል ነበር።

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ደቡብ ምሥራቅ፣ በቺሪካዋ ተራሮች የምትኖረው ሴሎፖረስ ቪርጋተስ የተባለች እንሽላሊት ግን ለዚህ መልስ አትመችም። በመራቢያ ወቅት የእንስቷ ጉሮሮ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ይወጣል፤ ድምቀቱም እንቁላሎቹ ከእንቁልጢዋ በሚለቀቁበት ጊዜ አካባቢ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ይህ ብርቱካናማ ጌጥ የእንስቷ ብቻ በመሆኑ ከወንዱ የተወረሰ ነው ማለት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። የእናት ሀብት ውስን ነው፤ ለጉሮሮ የዋለው ከእንቁላሉ ላይ የተቀነሰ ከሆነ፣ ያጌጠችው እንስት የምትወልዳቸው ልጆች ደካማ ይሆናሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ጌጣቸው የጎላ እናቶች የእንቁላል አስኳል በአንቲኦክሲዳንት የበለጸገ ሆኖ ተገኘ። የጉሮሮው ቀለም በዋናነት የሚገኘው ቴሪን ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ እነዚህንም ሰውነት ራሱ ያመርታቸዋል። ከምግብ ብቻ የሚገኙት ካሮቲኖይዶች ስላልሆኑ ቆዳውና አስኳሉ የግድ አይሻሙም። እርግጥ ነው፣ ቀለሙ ራሱ እንቁላሉን አያበለጽግም፤ ሁለቱም የእናቲቱን ደህንነት የሚያንጸባርቁ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የቀድሞው መልስ ግን ፈጽሞ ውድቅ አልሆነም። የዚሁ ወገን አባል በሆነችው ሴሎፖረስ አንዱላተስ አንዳንድ እንስቶች የወንዱን ዓይነት ሰማያዊ ምልክት ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ወንዶቹ ምልክት የሌላቸውን ይመርጣሉ፤ ባለ ምልክቶቹም እንቁላል የሚጥሉት ዘግይተው ነው።

እንግዲህ በቅርብ ዘመዳሞች መካከል እንኳ የእንስት ጌጥ አንድ ምንጭ የለውም። ስለዚህ ተመራማሪ «ጌጡ ያምራል ወይ?» ከማለት ይልቅ «መቼ ይወጣል? በየትኛው ጾታ? በምን ዋጋ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።