ለመድረክ ዜማ ስንደርስ

በክረምቱ ዕረፍት ከመካከላችን ሦስት ተማሪዎች ወደ ሐረር በወረድንበት ጊዜ፣ የከተማው ወጣቶች ላዘጋጁት አንድ ቴአትር ዜማ እንድንደርስላቸው ጠየቁን። ሁለታችን ክራር እንደረድራለን፤ ሦስተኛው በትምህርት ቤት ሳለ ከበሮ መትቶ ያውቃል። ይህ የሚበቃ መስሎን «እሺ» አልን። ነገሩ እንዳሰብነው አልሆነምና፣ ነገ ተመሳሳይ ሥራ የሚገጥማችሁ ጓደኞቻችን እንድታውቁት ያየነውን ለመጻፍ ወደድን።

በአገራችን ዜማ ከቴአትር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ዮፍታሔ ንጉሤ በድርሰቶቻቸው ውስጥ መዝሙር ያስገቡ ነበር። ነርሲስ ናልባንዲያንም በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ለሙዚቃው ብዙ ደክመዋል። ለነገሩ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቴአትር የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያደጉት በሐረር፣ በራስ መኰንን ቤት ነው፤ የሐረር ልጆች ይህን ሲነግሩን ደረታቸውን ነፍተው ነው።

የእኛ ቴአትር ታሪክ የሚካሄደው በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ መኪና ግርግር በተባለው ጠባብ መንገድ ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። አባትየው ልብስ ሰፊ ነው፤ ልጁን መኪናው ላይ ሊያስቀምጠው ይፈልጋል። ልጁ ግን አንድ ሌሊት ሳይሰናበት ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል።

የመጀመሪያ ስሕተታችን ዘፈን መድረሳችን ነው። አራት ደቂቃ የሚፈጅ፣ አዝማች ያለው ዘፈን ይዘን ቀረብን። በልምምዱ ላይ ልጁ ጥቂት ተራምዶ በሩ ዘንድ ደረሰ፤ ዘፈኑ ገና መግቢያው ላይ ነበር። ምስኪኑ ተዋናይ የበሩን እጀታ ይዞ ከሦስት ደቂቃ በላይ ቆመ። ብቻውን የሚሰማ ዘፈን ጊዜውን ራሱ ይወስናል፤ የመድረክ ዜማ ግን ጊዜውን የሚቀበለው ከተዋናዩ እግርና ከንግግሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ዜማ ከመድረሳችን በፊት እርምጃ መቁጠር ጀመርን። ተዋናዩ ሲናገርም ክራሩ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ አንዲት ክር ብቻ ይነካል፤ አለዚያ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቃሉን አያገኘውም።

ሌላው ችግር የቅኝት ነው። የታወቁት አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ባለ ስድስት ክር ክራር አምስቱን ይዞ በስድስተኛው ክር አንዱን ይደግማል። ስለዚህ ክራር በአንድ ጊዜ የሚያውቀው አንድ ቅኝት ነው፤ ሌላ ሲፈለግ ክሩ መጥበቅ ወይም መላላት አለበት። ከሙሉ ትዝታ ወደ ግማሽ ትዝታ ለመሻገር እንኳ ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ በግማሽ እርከን ዝቅ ይላሉ። ቤት ውስጥ ይህ ምንም አይደለም። በመድረክ ግን መብራት ጠፍቶ እስኪበራ ያለው ጊዜ ሃያ ሰከንድ ነው፤ በጨለማ የተቃኘ ክራር ምን እንደሚመስልም ሰምተነዋል። ሁለት ክራር በሁለት ቅኝት አዘጋጅተን ተገላገልን።

ዋናው ጭንቀት የልጁ መሄጃ ትዕይንት ነበር። ግማሽ ትዝታ ሞከርን፤ ልጆቹ «ይሄማ የአዲስ አበባ ሬዲዮ ነው» ብለው ሳቁብን። በጀጎል የሚሰማው እውነትም ሌላ ነው። ሐረሪዎች ዚክሪ የሚሉት መንፈሳዊ ውዳሴ በከበሮና በእንጨት ማጨብጨቢያ፣ አንዱ እየመራ ሌላው እየተቀበለ ይዜማል፤ የስድስቱ ቀን ጾም ሲፈጸም በሚከበረው፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ በገባው የሸዋሊድ በዓል ላይም ይሰማል። እኛ ከዚህ አንዱን ዜማ ወስደን ቃሉን ብቻ ለውጠን ለማስገባት አሰብን። ወጣቶቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ ዜማው የከተማው ሁሉ ነው አለ፣ ገሚሱ አይነካም አለ። ክርክሩ እስከ መኳረፍ ደረሰ። በመጨረሻ የአንደኛውን ልጅ አያት ሄደን ጠየቅናቸው። ቡና አስጠጥተው ሰሙን እንጂ አልተቆጡም። ዚክሪ የሚባለው ፈጣሪ እንዲታሰብበት ነው እንጂ ሰው እንዲያለቅስበት አይደለም፤ ቃሉን ብትለውጡትም ዜማውን የሰማ ሁሉ የቀድሞውን ቃል ያስታውሰዋል አሉን። ሙዚቃ እናውቃለን ያልነው እኛ ይህን አላሰብንበትም ነበር፤ ዜማ ከቃሉ ተነቅሎ ባዶውን የሚሄድ መስሎን ነበር። ተውነው። ከሦስታችን አንዱ ዛሬም ፈርታችሁ ነው ይለናል።

ቴአትሩ ሊታይ አራት ቀን ሲቀረው መኪና ግርግር ሄደን ቆምን። በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና ሲጀምር ይዘገያል፣ ይፋጠናል፣ ጥግ ሲደርስ ይቆማል፤ ጨርቁ ሲዞር እንደገና ይነሣል። ይህንኑ ምት ሁለት ልጆች በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ላይ በጣታቸው እንዲመቱት አደረግን። ከመጀመሪያው ትዕይንት አንሥቶ ከበስተኋላ ይሰማል፤ ክራሩም በላዩ ይሄዳል። በመሄጃው ሌሊት አባትየው ለበዓል የታዘዘ ልብስ እየሰፋ ሳለ ልጁ በጓሮ በር ይወጣል። አባትየው ኮቴ የሰማ መስሎት እግሩን ከመኪናው ያነሣል፤ ምቱም ያቆማል። ለዚያ ትዕይንት ከዚህ ሌላ ምንም አልደረስንም።

በመጀመሪያው ቀን ካዩት መካከል አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ወደ እኛ መጥተው፣ ምታችሁ ፈጥኗል፣ እንዲህ የሚሮጥ መኪና ክር ይበጥሳል አሉን። በማግስቱ አዘገየነው።