አርባ ስምንት ሰዓት ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ጊዜ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ማመልከቻ ከሚያስጽፉ ነገሮች ሁሉ የከበደውን አንዱን እናነሳለን። ይኸውም መንግሥት ሰውን ሲይዝ የሰውየው ነፃነት የት ላይ እንደሚቆም፣ የመንግሥትም ሥልጣን የት ላይ እንደሚያበቃ ነው።

የማስተምረው በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከተሞች በአንዱ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ቀን ልጆችን አስተምራለሁ፣ ማታ ወላጆችን።

ከማታ ተማሪዎቼ መካከል ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። አንድ ምሽት ልጃቸው ከሰፈር ታፍሶ ተወሰደ። «አፈሳ» የምንለው ቃል ከእህል የመጣ ነው። እህል በቁና ይታፈሳል እንጂ ፍሬው አንድ በአንድ አይቆጠርም። እናትየዋ ሦስት ቀን ስንቅ ይዘው ተመላለሱ። በአራተኛው ቀን ከጣቢያው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተሰጣቸው። የመፈቻ ወረቀት መስሏቸው በመቀነታቸው ቋጥረው፣ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። «እስቲ እይልኝ ልጄ» ብለው ያሳዩኝ ቆይተው ነው። ወረቀቱ ልጁ ፍርድ ቤት የሚቀርብበትን ቀን የሚናገር ነበር። ቀኑም ትናንት አልፏል። ልጁ ዳኛ ፊት ሲቆም ዋስ የሚሆነው ዘመድ ስላልነበረ ተመልሶ ገብቷል።

«እንግዲያው ከፊደሉ በፊት ቁጥሩን አስተምረኝ» አሉኝ።

ለሁላችንም የሚያስፈልገው ቁጥር 48 ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 እንደሚለው፣ በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት እስኪደርስ መንገድ ላይ የሚያልፈው ተገቢ ጊዜ አይታሰብም። (ከሰበታ ጣቢያ ሰበታ ፍርድ ቤት ለመድረስ መንገዱ ስንት ነው? በእግርም ቢኬድ ሌሊት አያሳድርም።) ለምን እንደተያዘም በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ካለ ተጨማሪ ቀን የሚጠይቀው ዳኛውን ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ እያንዳንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ መያዝ የፖሊስ ሥልጣን ነው፤ ማቆየትና መቅጣት ግን የፖሊስ ሥልጣን አይደለም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ይኸ ቁጥር ትናንት የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሕገ መንግሥትም ውስጥ ተጽፎ ነበር። ከዚያም በፊት አባቶቻችን ቁራኛ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ሁለቱ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። እኔን የሚገርመኝ አሳሪውም አብሮ መታሰሩ ነው። ዳኛው ፊት ቶሎ ለመድረስ ሁለቱም ይቸኩላሉ። የዛሬ አሳሪ ማታ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፣ ታዲያ ምን ያስቸኩለዋል? የጥንቱ ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ ግን አይደለም። የሌባ እጅ ይቆረጥ ነበር። ሌባሻይ ተብሎም አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ጠጥቶ፣ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ብዙ ሰው፣ ከእናንተም መካከል አንዳንዱ፣ «ለነፍሰ ገዳይ ደግሞ የምን 48 ሰዓት ነው?» ይላል። ይኸን የሚለው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ያየው ነገር ስላለ ነው። በ2011 ዓ.ም. የዘመን መለወጫው ሳምንት ገና ሳይወጣ፣ ከመስከረም 4 ቀን ጀምሮ ቡራዩና አካባቢው ምን እንደሆነ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የጋሞና የሌሎች የደቡብ ተወላጆች ነበሩ። በሺህ የሚቆጠሩት ልጆቻቸውን አዝለው ወደ አዲስ አበባ ሸሹና በየትምህርት ቤቱ ግቢ ተጠለሉ። በዚያ ሰሞን የመንግሥት ሥልጣን በዛ ብሎ ያማረረ አልነበረም። ሰው የጮኸው ስለዘገየ ነበር። መንግሥት ገዳይን ካልያዘ፣ ደካማው ለጉልበተኛ ይጣላል እንጂ ነፃ አይወጣም።

ታዲያ ቀጥሎ የሆነውን እዩ። አዲስ አበባ ውስጥ ግድያውን ለመቃወም ሰው አደባባይ ወጣ፤ በዚያም የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ አፈሳ ተጀመረ። ፖሊስ ራሱ እንደገለጸው ከሺህ በላይ ወጣቶች ጅማ ዞን ወዳለው ወደ ጦላይ የወታደር ማሠልጠኛ ተላኩ። ከታፈሱት ብዙዎቹ ከሺሻ ቤት፣ ከጫት ቤት፣ ከቁማር ቤት የተያዙ ናቸው ተባለ። አንድ ወር ያህል ቆይተው በጥቅምት ተለቀቁ። ዳኛ ፊት አልቀረቡም። የተሰጣቸው ስም «ሠልጣኝ» የሚል ነበር።

እኔ መምህር ነኝና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ማመልከቻ ጽፌ፣ ተፈትኜ፣ አልፌ ነው የገባሁት፤ ስፈልግም ትቼ መውጣት እችል ነበር። ሰውን በሌሊት ከሰፈሩ አንስተህ፣ በር ዘግተህ፣ «አስተማርኩህ» ካልከው ትምህርት የሚለውን ቃል ራሱን አሠርከው። ማታ ደብተር ይዘው ወደ ክፍሌ የሚመጡ ሰዎች ሥልጠና የሚለውን ቃል ሲሰሙ ከደነገጡ፣ እኔ በምን ቃል ልጥራቸው?

ይኸ ደግሞ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባንና እነዚህን ከተሞች የሚያጠቃልለው የማስተር ፕላን ጉዳይ ተቃውሞ አስነስቶ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ዕቅዱም በዚያው ዓመት ጥር ላይ ቀረ። ተቃውሞው ግን አልበረደም። በመስከረም 2009 ሰበታ ላይ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፤ ሠርቶ አዳሪው ሥራውን አጣ። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ እስከ ሐምሌም አሥር ወር ቆየ። የመርማሪ ቦርዱ ለሕዝብ ባሳወቀው መሠረት ከ20,000 በላይ ሰው ተይዟል። ብዙዎቹ በአዋሽ፣ በጦላይና በሌሎችም ካምፖች «ተሐድሶ» የሚባል ነገር ተሰጥቷቸው ሲወጡ፣ ደረቱ ላይ «አይደገምም» የሚል ቃል የተጻፈበት ካናቴራ ለብሰው ታዩ። ቃሏን ማንበብ ቀላል ነው፤ ስድስት ፊደል ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ ጦላይ እንደገና ሲከፈት ግን ካናቴራው መልበስ የነበረበት ለማን እንደሆነ እኔም ራሴን ጠየቅሁ።

በአስቸኳይ ጊዜ የ48 ሰዓቱ ደንብ ሊታገድ እንደሚችል ማወቅ ደግ ነው። አዋጅ ከ2009 ወዲህም በ2010፣ በ2012፣ በ2013፣ በ2014ና በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል። ሆኖም አንቀጽ 93 በምንም ዓይነት አይነኩም ካላቸው ነገሮች አንዱ አንቀጽ 18 ነው። ጨካኝና ሰብአዊነት የጎደለው ቅጣት፣ ክብርን የሚያዋርድ አያያዝ፣ በጦርነት ጊዜም ክልክል ነው። በ2011 መስከረም ደግሞ አዋጅ አልነበረም፤ የ2010ሩ በግንቦት ተነስቷል።

ጭካኔ የሚጀምረው ከቃል ነው። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ «ነፃ እርምጃ» የሚባል አነጋገር ነበር። ያለ ክስ፣ ያለ ዳኛ ሰውን ገድሎ መንገድ ላይ መጣል ማለት ነው። እስቲ ቃሉን አስቡት፤ ነፃ የተባለው ማነው? ከሕግ ነፃ የወጣው ገዳዩ ነው። በኋላ የደርግ ባለ ሥልጣኖች ራሳቸው ሲከሰሱ ግን ችሎቱ ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. 12 ዓመት ፈጀ። ጠበቃ ቆመላቸው፣ ምስክር ተሰማ፣ ይግባኝም ተባለ። በይግባኝ ሞት ከተፈረደባቸው መካከል ብዙዎቹ በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። 12 ዓመት እጅግ ረዥም ነው፤ አልክድም። ልጃቸውን ያጡ እናቶችም «ለእነሱ ይኸ ሁሉ ክብር?» ብለው ተቆጥተዋል። ቢሆንም ማን ምን እንዳደረገ ዛሬ በስም፣ በቀንና በቦታ የምናውቀው ከዚያ መዝገብ ነው። ነፃ እርምጃ የተወው መዝገብ የለም። የሞት ቅጣት በሕጋችን አሁንም አለ፤ ግን ፍርድ ቤት ፈርዶም ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም።

በ2011ዱ መስከረም የሆነ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርእሴ ትንሽ ይወጣል። የቡራዩ ወሬ አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ቆሙ፣ ተመለሱም። ዱላ አልተነሳም፣ ሥልጣን ግን ነበር።

ዘመዱ የተያዘበት ሰው ምን ያድርግ? ማን እንደወሰደው፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እንደተወሰደ በዚያው ሌሊት ይጻፍ፤ መጻፍ ባይችል ለሚችል ይናገር። የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እስረኛን የመጠየቅ መብት አላቸው። ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አውራ ጣታችሁን አታሳርፉ፤ «ይነበብልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ሰዓቱ አልፎ ሰውየው ዳኛ ካላየ ደግሞ «አካልን ነፃ የማውጣት» አቤቱታ የሚባል አለ፤ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ይገኛል። ታሳሪው ራሱ ካልቻለ ሌላ ሰው በመሐላ ቃል ሊያቀርብለት ይችላል። ፍርድ ቤቱም ያሰረውን ክፍል «ሰውየውን ከነምክንያቱ አምጣ» ብሎ ያዛል። ሁልጊዜ ይፈጸማል ብዬ አልዋሻችሁም። ያልተጻፈ አቤቱታ ግን ውድቅ እንኳ አይደረግም።

የቆሎ ሻጯ እናት ልጅ በሁለተኛው ቀጠሮ በዋስ ወጣ። እሳቸው በቀጠሮ ቀን አሁንም ወደ ፍርድ ቤቱ ይሄዳሉ። በር ላይ የሚለጠፈውን ዝርዝር ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ ለሌሎች እናቶች ያነባሉ፤ ስሞቹ ላይ ሲደርሱ ገና ይንተባተባሉ።

በሚቀጥለው ንግግራችን ስለ ዋስትና እንነጋገራለን። እርሳስና ደብተር አዘጋጅታችሁ ጠብቁን።