ሪያል ጨመረ ወይስ ብር ቀነሰ?
ከሸዋሮቢትና ከይፋት ቆላ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሄዱ ልጆች የሚልኩት ሪያል በብር ሲመነዘር ከቀድሞው በዝቶ ይገኛል። በዚህም ሪያል ገዝቶ ማስቀመጥን እንደ ንግድ የሚያዩ አሉ። ይሁንና ነዳጅ ቢወደድም ቢረክስም፣ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ3.75 ሪያል እንደተተመነ ነው። የተለወጠው ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ 15 ብር ገደማ የነበረው ሪያልም ተከተለው። እናም በሳጥን የተቆለፈ ሪያል የብርን መውረድ ይመክት ይሆናል እንጂ በራሱ አይወልድም። ማሾ ወደ ውጭ የሚሸጠው፣ ማዳበሪያም ከውጭ የሚገዛው በዶላር ነውና ለውጡ ሪያል ላልያዘው ገበሬም ይደርሰዋል።