መጫኑን ሁሉም ያውቃል፤ ጥንቃቄውን ማን ያስተምር?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ 2014 ስድስት የዞን 9 ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች አዲስ አበባ ውስጥ ተያዙ። ከወራት በኋላ በሽብር ሲከሰሱ፣ ከቀረበባቸው ነገር አንዱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለ ሥልጠና ወስደዋል የሚል ነበር። ይህ ለመብት ተሟጋቾች የተዘጋጀ፣ ማንም ሰው ከኢንተርኔት በነጻ የሚያገኘው መመሪያ ነው። ጠንካራ የይለፍ ቃል ስለ መምረጥ፣ ኮምፒውተርን ከቫይረስ ስለ መከላከል፣ ሰነድን ስለ መቆለፍ ያስተምራል። በ2015 የገሚሶቹ ክስ ተነሣ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። በእስር ያለፈውን ጊዜ ግን የሚመልስላቸው የለም።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል። አገር ቤት ሰው ያስከሰሰውን ትምህርት፣ ከልካይ በሌለበት በአሜሪካና በአውሮፓ የምንኖረው ለማኅበሮቻችን ሰዎች አስተምረናል ወይ?

እውነቱን እንነጋገር። በየከተማው የመረዳጃ ማኅበር፣ የስደተኞች ድጋፍ ኮሚቴ፣ የሰብአዊ መብት ማኅበር አለን። «የሕዝብ ግንኙነት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከሥራ መልስ ማታ ስልኩን ይዞ የሚቀመጥ አንድ በጎ ፈቃደኛ ነው። የሚያስተምረው የለም፤ ሲሳሳት ግን የሚወቅሰው ሞልቷል። ኮሚቴው የተከፋፈለ ቀን ደግሞ የፌስቡክ ገጹ የይለፍ ቃል ከእሱ ጋር ይሄዳል፤ የዓመታት ልፋት ባለቤት አጥቶ ይቀራል።

ትምህርቱ ከአራት ነገር ቢጀምር ይበቃል።

አንደኛ፣ ሕዝቡ ምን እንዲያደርግ እንደምንፈልግ ማወቅ። በ2014 በጋ አሜሪካውያን በረዶ የተቀላቀለበት ውኃ ራሳቸው ላይ እያፈሰሱ ኤ.ኤል.ኤስ. ለተባለው የነርቭ በሽታ ገንዘብ ሲያሰባስቡ፣ የአሜሪካው የበሽታው ማኅበር 115 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ምሥጢሩ ውኃው ብቻ አልነበረም። ከእያንዳንዱ ሰው የሚጠበቀው ግልጽ ነበር፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ውኃውን አፍስስ ወይም ገንዘብ ስጥ፤ ሦስት ሰውም በስም ጥራ። የእኛን መግለጫ ግን ሦስት ገጽ ካነበብን በኋላ «ታዲያ ምን እናድርግ?» እንላለን።

ሁለተኛ፣ ሰውን ማስቀደም። በኅዳር 2013 ሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን ስታሳድድ በስልክ የተቀረጹ ምስሎች ዓለምን ዞሩ፤ ኢትዮጵያውያንም በየኤምባሲዋ ደጃፍ ተሰለፉ። በተከታዮቹ ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ አገር ተመለሱ። ምስል ያነሣሣል፤ ይጎዳልም። ከአሠሪዋ ተደብቃ የቪዲዮ መልእክት የላከች እህት ፊቷ ወይም የቤቱ መስኮት ከታየ፣ ማን እንደሆነች ለማወቅ አሠሪዋ አይቸገርም። እኛ ዋሽንግተን ተቀምጠን «ሼር» ስናደርግ ዱላው የሚያርፈው ሪያድ ነው። ፈቃዷን መጠየቅ፣ ፊቷን መሸፈን፣ ያለችበትን አለመግለጽ የሥልጠናው ዋና ምዕራፍ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ አጣርቶ መለጠፍ። የሌላ አገር ወይም የሌላ ዓመት ፎቶ «የዛሬ ግፍ» ተብሎ ከወጣ፣ ነገ እውነተኛውን ይዘን ብንጮህ የሚያምነን የለም። ፎቶውን በጉግል ምስል ፍለጋ መፈተሽ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አራተኛ፣ በሩን መቆለፍ። ሲቲዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም በ2013 ይፋ እንዳደረገው፣ የግንቦት 7 አባላት ፎቶ ለስለላ ሶፍትዌር ማጥመጃ ሆኖ ነበር። በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች፣ በ2017 ደግሞ ሌሎች በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዒላማ መደረጋቸውን አጋለጠ። ወጥመዱ የተላከው በፋይልና በሊንክ መልክ ነው። ስለዚህ ያልጠበቁትን ፋይል አለመክፈት፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት፣ ገጹንም ቢያንስ ለሁለት የታመኑ ሰዎች ማስረከብ ግድ ነው።

ለዚህ ሁሉ ፈረንጅ አማካሪ መቅጠር አያሻም። ኮምፒውተር የተማሩ ልጆች በየከተማው አሉን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ አዳራሽ፣ ትምህርቱም በአማርኛ። ሠልጣኙ የማኅበሩን ገጽ ከፍቶ በቅርቡ የለጠፋቸውን አሥር ነገሮች ያምጣ፤ በአራቱ ጥያቄዎች አብረን እንመርምራቸው። ከንግግር ይልቅ ይህ ያስተምራል።

ነገ የአንዲት እህት ሕይወት በእኛ ስህተት ቢጠፋ «አላወቅንም ነበር» ማለት አያድነንም። ወገኖቼ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው!