አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሁሉ የሚያገለግል፦ ጳጉሜን 6 በድረ ገጽ ፕሮግራም ውስጥ

ሁለት የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን በሚያገለግሉበት ሀገር የሚኖር የፕሮግራም ጸሐፊ አንዱን ቀን ወደ ሌላው የመለወጥ ሥራ ዘወትር ይገጥመዋል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ በየገጹ እየተገለበጠ ሲጻፍ የሚያስከትለው ስሕተት ግን ቀላል አይደለም።

በሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ለሚገኝ ጤና ጣቢያ የክትባት መዝገብ እናዘጋጃለን እንበል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ቀረበ። «ጳጉሜን ምንጊዜም 5 ቀን ናት» ብሎ የሚያምን ፕሮግራም ልደቱን የሌለ ቀን ነው ብሎ ይመልሰዋል። መዝጋቢው በግምት ሌላ ቀን ቢያስገባ ደግሞ ከ6ኛው ሳምንት የሚጀምረው ቀጠሮ ሁሉ ከተሳሳተ መነሻ ይቆጠራል።

የሞዴል ድርሻ

ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ በ1979 እ.ኤ.አ. በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሳለ ፕሮግራምን በ3 የሚከፍል ሐሳብ አፈለቀ። ሞዴል መረጃውንና ሕጉን ይይዛል፤ ዕይታ ለተጠቃሚው ያሳያል፤ ተቆጣጣሪ ደግሞ ትእዛዝ ተቀብሎ ሁለቱን ያገናኛል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ሩቢ ኦን ሬይልስና በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ላራቬል ይህን አከፋፈል ከሚከተሉ የድረ ገጽ ማዕቀፎች መካከል ናቸው።

የቀን ሕግ እንግዲህ የሞዴል እንጂ የቅጽ ወይም የሪፖርት ገጽ ጉዳይ አይደለም። የሕፃኑም፣ የእናቲቱም፣ የክትባቱም ሞዴል ስለሚፈልገው በአንድ ፋይል ተጽፎ ሁሉም ይጋሩታል። እንዲህ ያለው የጋራ ክፍል በላራቬል ትሬይት፣ በሬይልስ ኮንሰርን ይባላል።

ቀመሩ

የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ቀናትን ያለ ወርና ያለ ዓመት በተከታታይ ቁጥር ይቆጥራሉ። የእኛን ቀን ወደዚህ ቁጥር ለመለወጥ፦
– ከዓመቱ 1 ቀንሰን በ365 እናባዛ፤
– ዓመቱን በ4 አካፍለን ቀሪውን ትተን ሙሉ ቁጥሩን እንደምር፤
– ከወሩ ተራ ቁጥር 1 ቀንሰን በ30 አባዝተን እንደምር፤
– ቀኑንና 1,724,220ን እንደምር።

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. 2,460,199 ይሆናል፤ በማግሥቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. 2,460,200 ነው። በሕፃኑ ልደት ላይ 42 ብንደምር ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ይወጣል። 6ኛው ሳምንት የሚሞላው በዚያ ዕለት ነው።

ለድጋሚ አገልግሎት የሚበቃው መቼ ነው?

ፋንክሽኑ ዓመት፣ ወርና ቀን ተቀብሎ ቁጥር ብቻ ይመልስ። ከቅጹ በራሱ አያንብብ፤ በገጹ ላይ አይጻፍ፤ የዛሬን ቀንም ከኮምፒውተሩ ሰዓት አይጠይቅ። እነዚህን ከሠራ ከአንድ ገጽ ጋር ይታሰርና ሌላው ሊጠቀምበት አይችልም። ተቀባይነት የሌለውን ቀን መለየትም የእርሱ ድርሻ ነው፦ ጳጉሜን 6 የምትፈቀደው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 በሚተርፍበት በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ስሕተት በተገኘ ጊዜ ይታያል። በአሥር ገጾች የተገለበጠ ቀመር አሥር ጊዜ መታረም አለበት፤ አንዱ ቢዘነጋ መዝገቡ ከራሱ ጋር ይጋጫል። በሞዴሉ ያለው ግን አንድ ጊዜ ታርሞ ሁሉም ይስተካከላል።

2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ይውላል። የቀን መለወጫ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ሥራውን በእነዚህ ዕለታት ይፈትን።