የቲሙ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲቃረብ
ለእናቶች፣ ለአሳዳጊዎችና ለደጋፊዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

የምንደግፋቸው ልጆች ወደ 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ከእናቶችና ከአሳዳጊዎች የሚቀርብልን ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። ቀድሞ ስለ ደብተርና ስለ ዩኒፎርም የነበረው ጥያቄ፣ «ልጁ የት ይመደባል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል?» ወደሚል ይሸጋገራል። ከለጋሾች በኩል ደግሞ «መንግሥት ያስተምረው የለምን? የእኛ ድርሻ እዚህ ላይ አያበቃምን?» የሚል ይሰማል። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ወገኖች ነው።

በሸሪዓ የቲምነት ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን በመድረስ ያበቃል። በርካታ የከፋላ ውሎችም 18 ዓመትን የመጨረሻ ገደብ አድርገው ይወስዳሉ። 12ኛ ክፍል የሚውለው በዚሁ ዕድሜ አካባቢ በመሆኑ፣ ድጋፉ የሚቋረጠው ልጁ ከቤት ወጥቶ ራሱን ችሎ መኖር በሚጀምርበት ወቅት ይሆናል። ሆኖም ሱረቱ-ኒሳእ የየቲሙን ገንዘብ ለእርሱ ማስረከብን በዕድሜ ብቻ ሳይሆን ራሱን ለማስተዳደር ብቁ ሆኖ ከመገኘቱ ጋር ማያያዟን ልብ ይሏል። ችግረኛ ተማሪም የቲም መባሉ ቢያበቃ እንኳ፣ በድህነቱ ምክንያት ከዘካ ተቀባዮች መካከል ሊሆን እንደሚችል ብዙ ዑለማዎች ገልጸዋል። በመሆኑም አሳዳጊዎች ልጁ ገና 11ኛ ክፍል ሳለ ስለ ውሉ ማብቂያ ቀን ደጋፊውን እንዲያነጋግሩ እንመክራለን። ፈተናው ካለፈ በኋላ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ የዘገየ ነው።

ቀጥሎ የምናነሳው የስም ጉዳይ ነው። ቀላል ቢመስልም በየቲሞች ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው እርሱ ነው። አባቱ በልጅነቱ የሞተበት ልጅ በአጎቱ ወይም በአያቱ ስም ትምህርት ቤት ይገባል፤ አሳዳጊው በጎ አስቦ ያደርገዋል። ከዓመታት በኋላ የልደት የምስክር ወረቀት ሲወጣ የወላጅ አባት ስም ይጻፍበታል። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት አንድ ስም፣ የፋይዳ መታወቂያ ሌላ ስም ይዞ ይገኛል። ሱረቱል አሕዛብ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ የምታዝ በመሆኗ ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሞተ አባት ለልጁ ከሚተዋቸው ነገሮች አንዱ ስሙ ነውና። «ሙሐመድ» እና «መሐመድ»፣ «ኸድር» እና «ከድር» የመሳሰሉት የአጻጻፍ ልዩነቶችም ቢሆኑ በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። ስሕተቱ ካለ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከመመዝገብ በፊት ይታረም። በፍርድ ቤትና በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት በኩል የሚያልፍ እርማት ጊዜ ይወስዳል። የአባትን ስም የሚያውቁ ሽማግሌዎችም በሕይወት እያሉ ምስክርነታቸው ቢያዝ ይሻላል።

ወደ ፈተናው እንምጣ። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ብዙ ተማሪዎች ፈተናውን የወሰዱት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ነው። ከመንደሩ ርቆ የማያውቅ ልጅ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ከማያውቃቸው ጋር ማደር ሊኖርበት ይችላል። ውጤቱም እንደምታውቁት ጥብቅ ሆኗል፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። ይህን የምንጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም። ልጁ ባያልፍ «የደጋፊዎቹን ገንዘብ አባከነ» የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳይወጣ ነው። ከማለፊያው ለጥቂት የጎደለባቸው ተማሪዎች በየዓመቱ በሚወጣው መቁረጫ ነጥብ መሠረት፣ በተለምዶ ሪሜዲያል በሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል የሚገቡበት ዕድል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አለ። በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥም ይቻላል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም የወደቁ የሚጣሉበት ሥፍራ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ ታናናሾቹን መርዳት ላለበት የበኩር ልጅ አንዳንድ ጊዜ የተሻለው መንገድ እርሱ ነው።

ፈተና «እናሾልካለን»፣ ምደባ «እናስቀይራለን» የሚሉ ሰዎች በቴሌግራም ይመጣሉ። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ጥያቄ በማኅበራዊ መገናኛ ተለቅቆ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ ስለሚታወስ፣ ብዙዎች ያምኗቸዋል። የየቲምን ገንዘብ ለእነዚህ መስጠት ገንዘቡንም አማናውንም ማጥፋት ነው።

ላለፉት ተማሪዎች ምደባውን የሚያካሂደው ትምህርት ሚኒስቴር ሲሆን፣ ተማሪው የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ይሰጣሉ። በ2016 ዓ.ም. ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የራሱ የቅበላ ሥርዓት ስላለው ማስታወቂያዎቻቸውን ለየብቻ መከታተል ያስፈልጋል። ምርጫውን የሚሞላው ተማሪው ራሱ ይሁን። አሳዳጊው ይምከር እንጂ «ሐኪም ካልሆንክ» እያለ የቤተሰቡን ተስፋ ሁሉ በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ባይጭን መልካም ነው። ደግሞም የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በመሆኑ፣ የትምህርት ክፍሉ የሚወሰነው በዚያ ዓመት ውጤት ላይ ተመሥርቶ ነው።

የግል ኮሌጅ የሚያስቡ ቤተሰቦች ኮሌጁ ብቻ ሳይሆን የሚማሩበት የትምህርት መስክና ካምፓስ ጭምር ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና ያላቸው መሆኑን ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ያረጋግጡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በመንግሥትም በግልም ተቋማት ለሚማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ ሆኗል።

አሁን ወደ ለጋሾቹ ጥያቄ እንመለስ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጻ አይደለም። ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን እንዲሁም የምግብና የመኝታውን ዋጋ ከተመረቀ በኋላ ሊከፍል ይገባል። ዕዳው ሳይጠራ ዋናው የዲግሪ የምስክር ወረቀት ስለማይሰጥ፣ ውሉን አንብቦ ቅጂውን ማስቀመጥ ያሻል። በግቢ ውስጥ ምግብና መኝታ ቢኖርም የመጓጓዣ፣ የፎቶ ኮፒ፣ የሳሙናና የልብስ ወጪ በእናቱ ላይ ይቀራል። በየወሩ የሚላክ መጠነኛ ድጎማ እዚህ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ሴት ልጃቸው ሩቅ ስትመደብ የሚጨነቁ እናቶች አሉ፤ ጭንቀታቸው የሚናቅ አይደለም። መፍትሔው ግን ልጅቷን ማስቀረት ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ እንለምናለን። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ ስላለ፣ ከመጓዟ በፊት ከነባር እህቶች ጋር በስልክ ብትተዋወቅ፣ ሲቻልም ወንድሟ ወይም አጎቷ አብሯት ሄዶ መኝታዋን አይቶ ቢመለስ የእናትም ልብ ያርፋል።

የጥሪ ማስታወቂያ በአብዛኛው የሚወጣው ከመመዝገቢያው ቀን ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ተማሪው የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬትና ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትራንስክሪፕት ዋናውንና ቅጂውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዞ እንዲቀርብ ይጠየቃል። በወር መጨረሻ የሚደርስ ድጋፍ ለዚህ አይደርስም። ስለዚህ የመጓጓዣውና የብርድ ልብሱ ገንዘብ ከክረምቱ አስቀድሞ ተለይቶ በእናቱ ወይም በታመነ አሳዳጊ እጅ ይቀመጥ።