የዶላሩን ፊት የሣለው ሰው

የአሜሪካን የአንድ ዶላር ኖት ያየ ሁሉ ጊልበርት ስቱዋርትን ባያውቀውም ሥራውን አይቷል። ኖቱ ላይ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን ፊት ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1796 ጀምሮ ካልጨረሰው የዘይት ቀለም ሥዕል የተወሰደ ነው። ያልጨረሰውም ጊዜ አጥቶ አልነበረም።

ስቱዋርት በ1755 በሮድ አይላንድ ተወለደ፤ አባቱ የሱረት ወፍጮ ነበረው። ገና በጉርምስናው አንድ ስኮትላንዳዊ ሠዓሊ አስተማረውና ኤዲንብራ ይዞት ሄደ። መምህሩ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ልጁ ባዶ እጁን ተመለሰ። በ1775 ዳግመኛ ባሕር ተሻግሮ ለንደን ገባ፣ በሠዓሊው ቤንጃሚን ዌስት ዘንድም ረዳት ሆነ። ስሙ በ1782፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጨዋ ሰው ሥሎ ለዕይታ ሲያቀርብ ገነነ። ወጪውም አብሮ ገነነ፤ በ1787 አበዳሪ ሸሽቶ ደብሊን ገባ፣ እዚያም ዕዳ ከምሮ በ1793 አሜሪካ ተመለሰ። ሐሳቡ ዋሽንግተንን ሥሎ፣ ሥዕሉን እያባዛ መሸጥ ነበር።

አሠራሩ የራሱ ነው። በእርሳስ ንድፍ ሳያወጣ ቀለሙን በቀጥታ በብሩሽ ያሳርፋል፤ ተሣዩ ፊቱ እንዳይደርቅም ሲሥል ወሬ አያቋርጥም። ዋሽንግተን ግን ጨዋታ የማይማርከው ሰው ሆነበት። ሰው ሠራሽ ጥርሱም አፉን ወጥሮታል፤ ኖቱን ጠጋ ብሎ ላየ፣ ግጥም ያለው ከንፈር ዙሪያው አበጥ ማለቱ ያስታውቃል።

የ1796ቱን ሥዕል ያዘዘችው የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ማርታ ነበረች፤ የእሷም ምስል አብሮ እንዲሣል። ስቱዋርት የሁለቱንም ፊት ጨርሶ፣ የቀረውን ሸራ እንዳለ ተወው። ካለቀ ማስረከብ አለበት፤ ካስረከበ ደግሞ የሚቀዳበት አይኖረውም። ከዚያ አንድ ፊት ከ60 በላይ ቅጂ አውጥቶ ባብዛኛው በ100 ዶላር ሸጠ፣ «የመቶ ዶላር ኖቶቼ» እያለም ይቀልድ ነበር። ማርታ ሥዕሉን ሳታገኝ በ1802 ሞተች። ይህን ብልጠት ብዬ ብቻ ማለፍ ይከብደኛል፤ ትእዛዝ ተቀብሎ ነበርና።

ዋሽንግተንን በቁመቱ የሣለበትም አለ፤ ላንስዳውን የሚባለው። አንዱ ቅጂ ዋይት ሐውስ ተሰቅሎ ነበር። በ1814 የእንግሊዝ ጦር ቤቱን ሊያቃጥል ሲቃረብ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ባለቤት ዶሊ ማዲሰን ሥዕሉ እንዲወጣ አዘዘች፤ ግድግዳው ላይ ስለጠበቀ ሠራተኞቹ ፍሬሙን ሰብረው አወጡት። በዚህ ቅጂ ላይ ጠረጴዛው ሥር ከቆሙት መጻሕፍት የአንዱ ጀርባ «የዩናይትድ ሴትስ ሕገ መንግሥትና ሕጎች» ይላል፤ «ስቴትስ» አንድ ፊደል ጎድሎታል። ከነስሕተቱ ዛሬም ዋይት ሐውስ ውስጥ አለ።

ስቱዋርት የመጀመሪያዎቹን አምስት ፕሬዚዳንቶች ሁሉ ሥሏል። ሆኖም በ1828 ቦስተን ውስጥ ሲሞት ለቤተሰቡ የተረፈው ዕዳ ነበር፤ የተቀበረውም ምልክት በሌለው መቃብር ነው። ልጁ ጄን ብሩሹን አንሥታ፣ የአባቷን ዋሽንግተን እየቀዳች በመሸጥ ቤተሰቡን አስተዳደረች። ማርታ ያዘዘቻቸው ሁለቱ ሥዕሎች በ1831 ለቦስተን አቴኒየም ቤተ መጻሕፍት ተገዙ።